ቡሄ ሲመጣ አልጋ ሥር የሚገባው ውሻ

ጥያቄ፦ «ቡሄ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀረው። ቦቢ የሚባል የአራት ዓመት ክልስ ውሻ አለኝ። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ተፈቶ ግቢ ይጠብቃል። ጅራፍ በጮኸ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ሽንቱን ይለቃል። አምና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ርችት ሲተኮስ አጥር ዘሎ ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን ጆሮውን ተነክሶ መጣ። ባለቤቴ ‹አታባብዪው፣ ይለምዳል› ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ እሷ የምትወስደውን የእንቅልፍ ኪኒን ግማሹን ስጪው አለችኝ። ምን ይሻላል? ድመትም አለችኝ፤ እሷ እንኳን ችግር የለባትም፣ በዓል ሲሆን ዝም ብላ ትደበቃለች። በነገራችን ላይ የበጉን ሳንባና የዶሮ አጥንት ለቦቢ መስጠት ችግር አለው እንዴ?» (ከአዲስ አበባ)

ምላሽ፦ «በነገራችን ላይ» ብለው መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ትከብዳለች። የቀረበው ግን ቡሄ ስለሆነ በድምፁ ልጀምር። ወደ ሳንባው እመለሳለሁ።

ባለቤትዎ «ይለምዳል» ያሉት ከምንም ተነስተው አይደለም። ውሻ ብዙ ድምፅ ይለምዳል። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ ውሻ ወፍጮው ሲነሳ ጆሮውን እንኳ አያነሳም። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያም፣ የመኪና ጥሩንባም ይለመዳል። የጅራፍ ነገር ግን ለየት ይላል። ጅራፍ ሲወነጨፍ ጫፉ ከድምፅ ይፈጥናል፤ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ ማለት ነው። ያ «ጧ!» የሚለው ድምፅ ጅራፉ ምንም ነገር መትቶ የሚመጣ አይደለም፤ አየሩን ሲሰነጥቀው ነው። ተዋጊ አውሮፕላን ከድምፅ ሲፈጥን የሚሰማው ፍንዳታ ታናሽ ወንድም በሉት። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለው ተረት በፊዚክስም ቢሆን ያስኬዳል።

ውሻው ይህ ድምፅ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። ከየት እንደመጣም አያይም። ሸሽቶ የሚያመልጠው ነገርም አይደለም። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲደጋገም ብዙ ውሾች ይብስባቸዋል እንጂ አይለምዱም። አምና ርችቱ ሲፈነዳ የዘለለው ውሻ ዘንድሮ ገና ችቦ ሲለኮስ፣ ወይ ልጆቹ ዱላ ይዘው በር ላይ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ ይጀምረዋል። ከቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ እስከ ደመራ፣ መስከረም 16፣ 38 ቀን ነው። ልጆቹ ደግሞ ቡሄን አይጠብቁም፤ ከሳምንታት በፊት ጀምረው ሰፈሩን በጅራፍ ያናውጡታል። ስለዚህ እኛ አንድ ማታ ብለን የምናስበው ነገር ለቦቢ ከአንድ ወር በላይ ነው።

«አታባብዪው» የሚለውን ደግሞ ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ያም ሆኖ ስህተት ነው። ሐሳቡ የመጣው ከሥልጠና ነው። ውሻ ሲጮህ ሥጋ ከወረወሩለት ነገም ይጮኻል። ታዲያ ሲፈራ ካባበሉት ነገም ይፈራል ይባላል። መጮህ ግን ውሻው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ፍርሃት የሚደርስበት ነው። ልቡ ሲደልቅ፣ አድሬናሊን ደሙ ውስጥ ሲረጭ፣ ፊኛው ሲከዳው ምንም እየመረጠ አይደለም። መጥቶ እግርዎ ሥር ከተለጠፈ ያስጠጉት። ረጋ ባለ ድምፅ ያናግሩት፣ ደረቱን በመዳፍዎ ጫን እያደረጉ ይደባብሱት። እርስዎ ራስዎ «ውይ ውይ» እያሉ አብረው አይሸበሩ እንጂ ማባበል አይጎዳውም። የሚጎዳው ቁጣና ዱላ ነው። ሽንቱን ስለለቀቀ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ የሚያሹ ሰዎችም አሉ። ያ ውሻ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጅራፍ ሲጮህ ባለቤቱም እንደሚከፋበት።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ ዓመት ጠዋት አንድ ሰው ደወለልኝ። ውሻው እንዳይጠፋበት ብሎ አጥር ሥር አስሮት ነበር። ማታ ርችት ሲተኮስ ውሻው አጥሩን ዘለለ። ሰንሰለቱ ግን ወዲያ ማዶ መሬት አያደርስም። ሰውየው የጠየቀኝን ጥያቄ እዚህ አልደግመውም፤ መልስ አልነበረኝም። በበዓል ማታ ውሻ ይታሰር ከሚሉኝ ሰዎች ጋር ከዚያ ወዲህ አልከራከርም፤ ይህን ብቻ እነግራቸዋለሁ።

ቦቢ ቤት ውስጥ ይግባ። «ታዲያ ግቢውን ማን ይጠብቃል?» ሊሉኝ ነው። የሚንቀጠቀጥ ውሻ ግቢ አይጠብቅም። ከውጭ ግድግዳ የራቀ፣ መስኮቱ ትንሽ የሆነ ወይም የሌለው ክፍል ይምረጡለት። ጓዳም መታጠቢያ ቤትም ይሆናል። የለበሱትን፣ ያልታጠበ ጋቢ ወይም ሹራብ ያንጥፉለት፤ የእርስዎ ሽታ ከአዲስ ብርድ ልብስ ይሻለዋል። ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ ጥለው ሥሩ ዋሻ ቢሠሩለት ደግሞ ይወደዋል። መስኮት ካለ ይጋርዱት። መብራት ይብራ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ የርችቱ ብልጭታ ይጎላል። ራዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ይከፈት፤ ወሬ ወይም ለስለስ ያለ ዘፈን ይሁን፤ ከበሮ የበዛበት አይሁን። ውሃ ይቀመጥለት። ምሳውን ከሰዓት በኋላ በጊዜ ይብላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጣ ብሎ ይጸዳዳ፣ ከዚያ በር ይዘጋ። ይህን ሁሉ ጅራፉ ከጀመረ በኋላ ካደረጉት ክፍሉ ራሱ የፍርሃት ቦታ ይሆንበታል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምረው በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያስገቡትና እዚያው ይመግቡት። ቡሄ ሲደርስ ክፍሉ የቦቢ ይሆናል።

የሆያ ሆዬ ልጆችን ነገር ደግሞ በቀላሉ መጨረስ ይቻላል። ምት እየጠበቁ ዱላቸውን መሬት ላይ ሲወግሩ ለውሻው ከጅራፉ አይተናነስም፤ እሱ ደግሞ የሚሆነው በር ላይ ነው። ሙልሙሉን ወይ ብሩን ይዘው ቀድመው ወጣ ይበሉና ከግቢው በር ራቅ ብለው ይቀበሏቸው። የሰፈርዎን ጅራፈኛ ልጆች የሚያውቋቸው ከሆነ ያናግሯቸው። እኔ ሰፈር ያሉት ልጆች «የታመመ ውሻ አለ» ስላቸው የጅራፍ ቦታቸውን ወደ ሜዳው አዙረውልኛል። ሙልሙል አልነፈግኳቸውም።

ድምፁን የማላመድ ሥራም አለ። ሦስት ሳምንት አጭር ጊዜ ነው፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። የጅራፍ ድምፅ በስልክዎ ይቅዱ። ቦቢ ሲረጋጋ ጠብቀው በጣም ዝቅ አድርገው ያጫውቱት። ልኩን የሚያውቁት በጆሮው ነው፤ ጆሮው ብቻ ንቅንቅ ካለ ልክ ነው። ድምፁ እንደተሰማ ወዲያው አንድ ቁራሽ የተቀቀለ ሥጋ ይስጡት። ቅደም ተከተሉ አይዛባ፤ መጀመሪያ ድምፅ፣ ከዚያ ሥጋ። ለአምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። ድምፅ ሲሰማ ወደ እጅዎ ማየት ከጀመረ አንድ ደረጃ ይጨምሩ። ሥጋውን ካልበላ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ ሳይደክመው ካዛጋ ወይም ጅራቱን ከቆለፈ ቸኩለዋል፤ ወደነበረበት ይመለሱ። ልክ እንዳለው ግን ይወቁት። የስልክ ድምፅ ማጉያ የርችትን ጉምጉምታ አያወጣም፤ ደረት ላይ የሚያርፈውን ግፊትማ ጨርሶ። በስልክ የለመደ ውሻ እውነተኛው ርችት ሲመጣ ሊደነግጥ ይችላል። ድንጋጤው ግን ቶሎ ይለቀዋል።

ወደ ጎረቤትዎ ኪኒን ልምጣ። አይስጡት። ጎረቤትዎ የምትወስደው ምን እንደሆነ አላውቅም። በስም አንድ ዓይነት የሚመስሉ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ውሻ ላይ የሚሠሩት እጅግ ይለያያል። ግማሽ ኪኒን ለአንዱ ውሻ ምንም አይደለም፣ ለሌላው ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሌላውን ደግሞ እንደ ሰካራም እያንገዳገደ የባሰ ያስፈራዋል። ለድመትዎማ አይታሰብም። ዲያዜፓም የሚባለው የሰው ማረጋጊያ በአፍ የተሰጣቸው አንዳንድ ድመቶች ጉበታቸው ተጎድቶ ሞተዋል። ፓራሲታሞል ድመትን በአንድ ኪኒን ይገድላል። አረቄ ወይም ቢራ አቅምሶ የሚያስተኛም ሰው አለ፤ ያ ደግሞ መመረዝ ነው።

እኛ የእንስሳት ሐኪሞችም ንጹሕ አይደለንም። በብዙ ክሊኒክ «ማረጋጊያ» ተብሎ የሚሰጠው ኤሴፕሮማዚን ነው። ሰውነቱን ያዝለዋል። ፍርሃቱን ግን አያነሳለትም፤ አንዳንዱን ውሻ እንዲያውም ለድምፅ ይበልጥ ስሱ ያደርገዋል። ባለቤቱ «ተኛልኝ» ይላል። ውሻው ግን እየሰማ፣ እየፈራ፣ መሸሽ አቅቶት ነው የተኛው። ለድምፅ ፍርሃት እሱን ብቻውን አልሰጥም። ሽንቱን እስኪለቅ፣ አጥር እስኪዘልል ለሚፈራ እንደ ቦቢ ላለ ውሻ ሌሎች የተሻሉ አሉ። ትራዞዶን ወይም ጋባፔንቲን ክብደቱ ተለክቶ፣ ልቡና ጉበቱ ታይቶ፣ ጩኸቱ ከመጀመሩ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይሰጣል። ሐኪምዎን በዚህ ሳምንት ያነጋግሩ። መጀመሪያ ምንም ጩኸት በሌለበት ቀን፣ እርስዎ ቤት እያሉ ይሞከር። በዋዜማ ማታ የመጀመሪያውን ኪኒን መስጠት ቁማር ነው።

አምና ጆሮውን ተነክሶ መጣ ብለውኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነበረው? ደብዳቤዎ ላይ የለም። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ብዙ ጊዜ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ያኛው ንክሻ አሁን አያስፈራም። ዘንድሮ ግን ካልተከተበ ዛሬውኑ ይከተብ። ክትባቱ በደንብ እስኪይዝ ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ ለእንቁጣጣሽ ይደርስለታል። አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥርዎ የተጻፈበት ማሰሪያ ያድርጉለት። በበዓል እንግዳ ሲገባ ሲወጣ በር ተከፍቶ ይረሳል፤ የሚጠፋው ውሻ ሁሉ አጥር ዘላይ አይደለም። የፈራ ውሻ ሲያዝ ሊናከስም ይችላል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬድ። በዓል ነው ተብሎ አይደር።

ስለ ድመትዎ «ችግር የለባትም» ያሉት አያስማማንም። ውሻ ሲፈራ ይታያል፤ ድመት ስትፈራ ትጠፋለች። ጆሮዋ ከውሻም ይበልጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። መደበቋ ጥሩ ነው። መደበቂያዋን አይንኩባት፣ ጎትተውም አያውጧት። አፉ ወደ ግድግዳ የዞረ ካርቶን፣ ውሃና አሸዋዋን ዕጣንና የቡና ጢስ በማይደርስበት ክፍል ያኑሩላት። በማግስቱም ካልበላች ለሐኪም ይደውሉ፤ ድመት ሁለት ቀን ሙሉ ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ ይጎዳል።

እኔ በበዓል ሰሞን ለድመት የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ከገበያ የመጣው ዶሮ እግሩ በሲባጎ ይታሰራል። ዶሮው ይታረዳል፣ ሲባጎው ደም ነክቶት ወለል ላይ ይቀራል። ድመት ያንን ትውጣለች። የድመት ምላስ ወደ ኋላ የተቀለበሰ እሾህ ስላለው አንዴ ከጀመረች መትፋት አትችልም። ክሩ አንደኛው ጫፍ ምላስ ሥር ወይ ጨጓራ ውስጥ ይያዝና ሌላው አንጀት ውስጥ ይወርዳል። አንጀቱ ክሩ ላይ እንደ ሱሪ መቀነት ይሰበሰባል። ከዚያ ክሩ እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። አንዲት ድመት ስከፍት ከአንጀቷ ወደ አንድ ክንድ የሚጠጋ ሲባጎ አውጥቻለሁ፤ የዶሮው ላባ እንኳ አልለቀቀም ነበር። ክር ከአፏ ወይም ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ካዩ በፍጹም አይሳቡት። እንዳለ ይዘዋት ይምጡ።

አሁን ሳንባው። ችግር አለው። ከጅራፉ የሚከብድ ችግር አለው፤ ከቦቢ ይልቅ ደግሞ ለልጆችዎ።

በግ ሲታረድ ሳንባውን ወይም ጉበቱን አይተው ያውቁ ይሆናል፤ አንዳንዴ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይኖርበታል። እንደ ሽንብራ ያነሰ፣ እንደ እንቁላል የተለቀ ሊሆን ይችላል። ያቺ ውሃ ውስጥ የኮሶ ትል ዘር አለ። ለሰው የምናውቀው ረጅሙ ኮሶ አይደለም፤ ይህ የውሻ ነው፣ ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ውሻው ያንን ከረጢት ሲበላ አንጀቱ ውስጥ በሺዎች ሆኖ ይበቅላል። ውሻው አያመውም፣ አይከሳም፣ ምንም አይታይበትም። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ መውጣት ይጀምራል። ጸጉሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ የጓሮው ጎመን ላይ ይቀራል፤ ለወራትም አይሞትም። ልጅ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ሲበላ ይውጠዋል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ እንዲሁ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። በጣም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ሰው የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው።

ቄራ ውስጥ መርማሪ ጉበትና ሳንባውን በቢላ ከፍቶ ያያል፣ የተበላሸውን ያስወግዳል። ግቢ ውስጥ በሚታረደው በግና በሰፈር ቅርጫ ግን መርማሪው እርስዎ ነዎት። እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ለሰው የማይሆን የመሰለንን «ለውሻው ጣሉለት» እንላለን። ትሉ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከበግ ወደ ውሻ የሚያሻግረው ሰው ባይኖር ዑደቱ ይቋረጥ ነበር። በዐረፋም፣ በፋሲካም፣ በመስቀልም ያው ነው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ እየዞረች የምትሄድ፣ አዙሪት የያዛት በግም አንጎሏ ውስጥ ያለው ሌላ የውሻ ኮሶ ነው፤ ጭንቅላቷን ለውሻ አይስጡ።

ስለዚህ ጥሬ ሆድ ዕቃ ለቦቢ አይሰጥም። ከረጢት ባይታይበትም አይሰጥም፤ ትንሿን ማንም አያያትም። መስጠት ካለብዎ በትንንሹ ተቆርጦ ቢያንስ ለ40 ደቂቃ ይንተክተክ። ቀሪው ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር፣ ወይ ይቃጠል። ቆሻሻ መጣያ ጥግ ላይ መጣል ለሰፈሩ ባለቤት አልባ ውሾች ድግስ መጥራት ነው።

የዶሮው አጥንት ሲበስል ይደርቃል፣ ሲነከስ እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል። ጉሮሮ ላይ ይቀረቀራል፣ አንጀትም ይበሳል። «አያቴ ሁሌ ትሰጥ ነበር» ይሉኛል። እውነት ነው፤ አያቴም ትሰጥ ነበር። ውሻዋ ሲሞት «ዓይን በላው» ትላለች እንጂ ከፍቶ ያየው አልነበረም።

ከአጥንቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የተጣበቀበት ቁሌት ነው። ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። መብሰሉ አያድነውም። አሥር ኪሎ የሚመዝን ውሻ 150 ግራም ሽንኩርት ሊጎዳው ይችላል፤ ለአራት ኪሎ ድመት 20 ግራም ይበቃል። ለአንድ ዶሮ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሽንኩርት የምታቁላላ እናት ብርቅ አይደለችም። ድስቱ ሲጠረግ ለውሻ የሚደፋው ሥጋው አልቆ ቁሌቱ ነው። ክፉነቱ፣ ምልክቱ በዕለቱ አይመጣም። በዓሉ አልፎ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይደክመዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ የጥቁር ሻይ መልክ ይይዛል። ያኔ ማንም ከዶሮ ወጡ ጋር አያያይዘውም።

አንድ ነገር ደግሞ ውጭ አገር በሚጻፍ መጽሐፍ ውስጥ አያገኙም። የኛ ውሻ ከኛ ጋር ይጾማል። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ እንጀራ በሽሮ ሲበላ ይከርምና በፋሲካ ጠዋት ላትና ጮማ ይወረወርለታል። ሆዱ አይችለውም። ቢቀለው ተቅማጥ ነው። ቢብሰው ቆሽቱ ይቆጣል፤ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን አሞት እንደሚሰግድ ጎንበስ ይላል። በዚህ የሚሞቱ ውሾችም አሉ። የእንቁጣጣሹም ከፍልሰታ ጾም ብዙ አይርቅም። ከበዓሉ ቀደም ብሎ ጥቂት ጥቂት የተቀቀለ ቀይ ሥጋ ያላምዱት፤ በዕለቱም ድርሻው ያው ጥቂት ይሁን፣ ጮማ የሌለው፣ ቅመም ያልነካው። ሲበላ ልጆች አይጠጉት። በጥሬ ሥጋና በአጥንት ላይ ያለ ውሻ የሚያውቀውን ልጅም ይነክሳል።

የቀረውን በአጭሩ፦ ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ ስኳር አልባ ማስቲካ፣ የቡና አተላ፣ የተቦካ የድፎ ዳቦ ሊጥ ሁሉም ከእሱ ይራቁ። ሊጡ ሆድ ውስጥ ማበጡን ይቀጥላል፣ አልኮልም ያመርታል። የሆነ ነገር ከበላ ወተት አያጠጡት፣ ጨውና ዘይትም አይጋቱት። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚባለው ልማድ ነው እንጂ አያረክስም፤ ጨው ደግሞ ራሱ ይመርዛል። ምን እንደበላና ስንት ሰዓት እንደሆነ ጽፈው ለሐኪም ይደውሉ። በበዓል ቀን ብዙ ክሊኒክ ዝግ ነው፤ ማን እንደሚሠራና ስልኩን ከዋዜማው በፊት ይጠይቁ።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ቦቢን ወደ ክሊኒክ እወስደዋለሁ፤ ክትባቱን፣ የማረጋጊያውን ምርመራና የመጀመሪያውን የኮሶ መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል፣ በአንድ ጉዞ እጨርሳለሁ። እስከ ዛሬ ሳንባ በልቶ ከሆነ አሁንም ሆዱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል፣ እንቁላሉን አይነካውም። ስለዚህ ቀጥሎ ባሉት ሦስት ቀናት ዓይነ ምድሩን በጓንት ወይም በፌስታል አንስቼ እቀብረዋለሁ። ከነገ ጀምሮ ክፍሉን አስለምደዋለሁ። ከቡሄ እስከ መስቀል በየምሽቱ ከመጨለሙ በፊት ቤት አስገባዋለሁ፣ ሰንሰለቱን አንስቼ እደብቀዋለሁ። ሁለተኛውን የኮሶ መድኃኒት ደግሞ ጥቅምት 10 ገደማ እሰጠዋለሁ። በእንቁጣጣሽ ማንም ሳያይ ሳንባ ጎርሶ ቢሆን ገና 39 ቀኑ ነው፣ እንቁላል አልጀመረም፤ የመስቀሉንም አብሮ ይጠርግልኛል። ቀኑን ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት።